መርዶ የመሰለኝ ማለዳ

ቄሱ አባ ይትባረክ ከቤቴ በር ፊት ለፊት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የእድራችን ዳኛ አቶ ሲሳይ ከእሳቸው በስተቀኝ፣ ከቆርቆሮው አጥር ተጠግተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጥሩ የምትባለው ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከዛፉ ሥር ናት። ከሁሉም ኋላ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የባለቤቴ ወንድም አያ ደምሌ ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ ጎንበስ ብሏል። ፀሐይ ገና አልወጣችም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ልመሰክር የተነሣሁት እነዚህ አራት ሰዎች በዚያ ማለዳ ደጄ ቆመው ሳያቸው ጌታ ስላደረገልኝ ነገር ነው። ስሙ ይባረክ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ሰምቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሃሌሉያ ስትሉ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፄ አይሰማም። መጋቢያችን "እትዬ የሺ፣ አንድ ቀን እርስዎም ይመሰክራሉ" ሲሉኝ "እኔ ምን አለኝ?" እያልሁ አልፋቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ራሴ ሄጄ "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ብላቸው ደንግጠው "ምን ሆኑ?" አሉኝ።

ከሌላ አገር መጥታችሁ እዚህ ወረታ ለምትኖሩ፣ በተለይ ለመምህራኑና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ እንደሆነ ዘመዱ መንገድ ላይ ቆሞ አይነገረውም። ቄሱ፣ የእድሩ ዳኛና የቅርብ ሰው ተጠራርተው ጎህ ሲቀድ ከደጁ ይቆማሉ። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ያያቸዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የእኔ ልጅ ሙሉቀን ደግሞ ያን ጊዜ የት እንዳለ አይታወቅም ነበር።

ወደ ኋላ ልመለስ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከመገንጠያው አጠገብ ያለችውን የሩዝ መፈልፈያ የያዝናት እኔና ሙሉቀን ነን። እሱ የጭነት መኪና ይነዳል። እኔ ገበሬው ሩዙን ሲያመጣ አንድ ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ፣ መድረቁን አይቼ እቀበላለሁ። እርጥብ የሆነውን "ውሰደውና አንድ ፀሐይ ጨምርለት" እላለሁ። ከዚህ በላይ ብዙ አልናገርም። ባለቤቴ የተቀበረ ዕለትም ደረቴን አልመታሁም፣ ፊቴን አልነጨሁም። ጥሩ ከአጠገቤ ቆማ "አንቺ ሴትዮ፣ እንባሽን ለማን ልታወርሺ ነው?" አለችኝ። ሰዉ አንዳንዱ ልበ ደንዳና፣ አንዳንዱ ደግሞ ጽኑ ሴት ይለኝ ነበር።

ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ውስጤ በሩ ተዘግቶ ሞተሩ እንደሚጮህ ወፍጮ ቤት ነበር። ክረምት ሲመጣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ይወስደዋል ብዬ እፈራለሁ። በጋ ሲሆን መንገዱን እፈራለሁ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ሳይጮህ ሲውልም እፈራለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፣ እጾምም ነበር፤ ይህን ፍርሃት ግን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን ተናግሬው አላውቅም። ለእግዚአብሔርም አልተናገርሁትም። እሱን ማስቸገር መስሎ ይታየኝ ነበር።

ያን ጊዜ መምህርት ብርቱካን ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ መጣችና ከግቢዬ አንድ ክፍል ተከራየች። ልብስ ስታጥብ ትዘምራለች። ትንኙ ሲነክሳት ታቆምና አጨብጭባ ገድላ ትቀጥላለች። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል?" አለችኝ።

"ስለ ትንኙ ከሆነ እኔ አላመጣሁትም።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ "እርስዎ ዝም ይላሉ እንጂ አላረፉም" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"እጅዎ ነዋ። ተቀምጠው እንኳ የነጠላዎን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ይውላሉ።"

እጄን አየሁት። እውነቷን ነበር። ወንድሞችና እህቶች፣ ባለቤቴ እንኳ ያላየብኝን ይህች ልጅ አየችብኝ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጣ ተከትያት መምጣት ጀመርሁ። ብዙ ጊዜ ሰማሁ። በመጨረሻም እናንተ ስትዘምሩ ጌታን ተቀበልሁ። አላለቀስሁም፣ አልወደቅሁም። በልቤ "እሺ" አልሁ፤ ይኸው ነው። ስሙ ይባረክ።

አያ ደምሌ ይህን ሲሰማ ከቁሐር ሚካኤል ድረስ መጣ። ሰፌድ ሙሉ ቆሎ አቀረብሁለት፤ አልነካውም። አልተቀመጠምም። "የወንድሜን ቤት ጴንጤ አስገባሽበት" አለኝ። "ከእንግዲህ ሬሳ ሊወጣበት ካልሆነ በቀር እግሬ ወደዚህ ደጅ አይመጣም!" ብሎ በሚካኤል ስም ምሎ ወጣ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ መሐላ አይቀለድበትም። አልፈረድሁበትም። ወንድሙን ይወደው ነበር፤ እኔ ደግሞ የወንድሙን ቤት የያዝሁ ሰው ነኝ። ሙሉቀን ግን ሁለታችንንም አልተወንም። መኪናውን ሲያሳድር ቁሐር ሄዶ ከአጎቱ ጋር ይበላል፤ ሲመለስ "አያ ደምሌ ሰላም ብሎሻል" ይለኛል። አለማለቱን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ይህ ዘመን መጣ። ስለ ዘመኑ እኔ ልነግራችሁ አይገባም፤ አብረን ነን ያለንበት። ሙሉቀን ቀይ ሽንኩርት ጭኖ በደብረ ታቦር መንገድ ወጣ። "ከታቦር አለፍሁ እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል" ብሎ ደወለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ተኩስ ነበር ተባለ። የማን ጥይት እንደነበር አላውቅም፤ እዚህ የቆምሁትም ለዚያ አይደለም። አንዱ ሹፌር "ሽንኩርት የጫነ መኪና ተቃጥሎ አይቻለሁ" አለ። ሌላው "ያ የሌላ ሰው ነው" አለ።

ጸለይሁ። እንዴት እንደ ጸለይሁ ልንገራችሁ። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ አርፋለሁ" ነበር የምለው። ዕረፍቴን ከልጄ ኋላ አሰልፌው ነበር። ቀኑ እየሄደ፣ መንገዱ እንደ ተዘጋ፣ እኔም እየደረቅሁ ሄድሁ። ለሰው ግን ያው ጸጥተኛዋ የሺ ነኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከብርቱካን ጋር ሸራ ላይ የተሰጣ ሩዝ እየገለበጥን፣ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በታንኳ ሲሻገር ማዕበል የተነሣበትን ታሪክ አነሣችብኝ።

"እትዬ፣ ማዕበሉ ሲነሣ ጌታ ምን እያደረገ ነበር?"

"ተኝቶ ነበር።"

"ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው የተኛው?"

"ኧረ ሳይል ነው።"

"እንግዲያስ?"

"እንግዲያማ አንቺ ታንኳ ላይ ተሳፍረሽ አታውቂም። እኔ ሜዳው ውኃ ሲሞላ ቁሐር በታንኳ ተሻግሬአለሁ። እንኳን ሊተኙበት አያስነጥሱበትም!"

ሩዝ የምትገለብጥበት እንጨት ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልሁ። ነገሩ ግን አልወጣልኝም። ታሪኩን ስሰማ ሁልጊዜ የማየው ማዕበሉ ጸጥ ያለበትን ነበር። ከዚያ በፊት እዚያች ታንኳ ውስጥ ዕረፍት እንደነበረ ልብ ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ያ ማለዳ መጣ። ወደ ወፍጮ ቤት ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ በሩን ከፈትሁ። የአጥሩ በር ክፍት ነበር። አባ ይትባረክን አየሁ። አቶ ሲሳይን አየሁ። ጥሩን አየሁ። እስከዚህ ድረስ ልቤ "ምናልባት" ይል ነበር። ከዚያ ከእነሱ ኋላ አያ ደምሌን አየሁት፤ ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ። ሬሳ ካልሆነ በቀር ወደዚህ ደጅ አልመጣም ብሎ የማለው ሰው መጥቷል። እንግዲያ ሙሉቀን ሞቷል።

ከቤቴ በር እስከ አጥሩ በር ሩቅ አይደለም። ያን መንገድ ስሄድ ልቤ ቀጥ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ለዓመታት የፈራሁት ቀን ይህ ነውና። ወንድሞችና እህቶች፣ ውስጤ ይጮህ የነበረው ሞተር ቆመ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጆሮ መጀመሪያ ጸጥታውን አያምነውም። ልጄ ሞቷል ብዬ አምኛለሁ፤ ጌታም በዚያች ግቢ ውስጥ ከእኔ ጋር እንዳለ አውቄአለሁ። ሐዘኑ ነበረ፣ ከባድ ነበር። ከእሱ ጋር ግን ዕረፍት ነበረ። ለምኜ ያገኘሁት አልነበረም። እኔ የለመንሁት ልጄን ነበር። ስሙ ይባረክ! ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር ሰምታችሁኝ አታውቁም፤ ዛሬ ስሙት።

ደረስሁና "ግቡ፣ ደጅ አትቁሙ" አልኋቸው። አባን አየኋቸውና "የት ነው የቀበሩት?" አልሁ።

አባ ይትባረክ አቶ ሲሳይን አዩ። አቶ ሲሳይ አባን አዩ።

"ማንን?" አሉ አባ።

"ሙሉቀንን ነዋ። አይደብቁኝ አባ፣ ችዬዋለሁ።"

ይህን ስል ከኋላ "ሙሉቀን ሞተ?" የሚል ጩኸት መጣ። አያ ደምሌ ቀና ሲል ከጋቢው ሥር ትልቅ ድንጋይ ወደቀና የአቶ ሲሳይን እግር ለጥቂት ሳተው። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይመታል። "ወይኔ ሙሉዬ! ወይኔ የወንድሜ አጥንት! ሳልታረቅ ቀደመኝ!" ጥሩ ይህን ስትሰማ እሪታዋን ለቀቀችው። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ።

"ኧረ ዝም በሉ!" አሉ አቶ ሲሳይ እግራቸውን እየሰበሰቡ። "ማን ነገረሽ የሺ? መቼ ተሰማ?"

"እናንተ ናችኋ!"

"ከእኛ አፍ ምን ወጣ? ገና እንዴት አደርሽ እንኳ አላልንሽም!"

አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። "በስመ አብ ወወልድ! ሁላችሁም ዝም! እኛ ለእርቅ ነው የመጣነው!"

ይህንንም ለእንግዶቹ ላስረዳ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ከደጅ ይቆማል። የተቀየመው ሰው "አውርድ" እስኪለው ድረስ አያወርድም። አያ ደምሌን ያጎነበሰው ያ ድንጋይ ነበር፤ ጋቢው ሸፍኖት እኔ ሐዘን መሰለኝ። በማለዳ የመጡትም እኔ ወደ ወፍጮ ቤት ሳልወጣ ሊያገኙኝ ብለው ነው። ሐዘንተኛ ጋቢውን ያዘቀዝቃል፤ የእነሱ ጥለት በቦታው ነበር። ያን ማየት ነበረብኝ። ዓይኔ ከሰዎቹ አላለፈም።

አያ ደምሌ ግን ገና መሬት ላይ ነው። "እንዳልሞተ ንገሩኝ" ይላል።

"አናውቅም አያ ደምሌ" አልሁት። "ትናንትም አናውቅም ነበር፤ ዛሬም አናውቅም።"

እንባውን በጋቢው ጠርጎ አየኝ። "ልጄ ሞቷል ብለሽ ነው 'ግቡ' ያልሽን? በዚያ አንደበት? አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ?"

"ነግሬሃለሁ እኮ" አለች ጥሩ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ያንተማ ድንጋይ ወደቀ፤ እሷ ናት የቀረችው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እያለቀስሁ ነበር። ልጄ ሞቷል ብዬ ሳምን ያልመጣው እንባ፣ ሌላ ሰው ለልጄ መሬት ላይ ሲወድቅ ሳይ መጣ። ሙሉቀንን ብቻዬን የምጠብቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁሐር ላይም የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ጥሩ ነጠላዋን ሰጠችኝ። የእንባዬን ወራሽ አልጠየቀችኝም።

ገብተው ተቀመጡ። አያ ደምሌን "ምን አመጣህ?" አልሁት።

"ፈራሁ" አለኝ። "በዚህ ዘመን የወጣ ሰው አይመለስም። ተኳርፈን እንዳለን ብትሞችብኝስ? እኔስ ብሞት? ልጁ ቢመጣ ምን ብዬ አየዋለሁ?"

"መሐላህስ?"

"እሱ የእኔ ጉዳይ ነው" አሉ አባ። "ንስሐውን ሰጥቼዋለሁ፤ እየጾመ ነው። አንቺ ይቅር በይው እንጂ ሌላውን ተይው።"

"ይቅር ብዬዋለሁ አባ። ድንጋዩንም ሳልለው አውርዶታል።"

አባ ሳቁ። እባካችሁ፣ ከእናንተ መካከል ማንም እኚህን ሰው በክፉ እንዳያነሣብኝ። ሊለያዩን ይችሉ ነበር፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሊያስታርቁን መጡ።

አያ ደምሌ ግን ነገሩ አልወጣለትም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረና "ሃይማኖትሽን ወድጄልሽ አይደለም" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ግን ያን ከየት አመጣሽው?"

"ምኑን?"

"ያን መቆም።"

"እኔ አላመጣሁትም። ጌታ ነው የሰጠኝ። ከእናንተ ቀድሞ ደጄ ቆሞ ነበር።"

አልተከራከረኝም። አያ ደምሌን የምታውቁ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲወጣ "መንገዱ ሲከፈት አብረን እንፈልገዋለን" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አልተመለሰም ብል እዋሻለሁ። ስልክ ሲጮህ እጄ አሁንም ነጠላዬን ይፈልጋል። ብርቱካን ያን ስታይ ልታስታውሰኝ ታስላለች፤ እተወዋለሁ። ነገር ግን ዕረፍቱ የት እንዳለ አውቄአለሁ። ጌታን "እስካሁን አለህ?" እለዋለሁ፤ አለ። ስሙ ይባረክ።

"ልጅዎስ?" የሚል ዓይን ከፊት ወንበር አያለሁ። አልመጣም። ምስክርነት የሚሰጠው መልሱ ከመጣ በኋላ ነው፤ እኔም እዚህ ተቀምጬ የሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ነው። የታመመው ድኖ፣ የጠፋው ተገኝቶ። እኔ ቀድሜ መጣሁ። ትናንት መንገዱ ተከፍቷል ተባለ። ከታቦር ወዲያ ባለ አንድ ሆስፒታል ስማቸው ያልታወቀ ቁስለኞች አሉ ይላሉ። ስማቸው ያልታወቀ መቃብሮችም አሉ ይላሉ። አያ ደምሌና እኔ ሁለቱንም ልናይ ነው።

ከተመለስሁ በኋላ ብመሰክር፣ ልጄን ባገኘው "ልጇን አግኝታ ነው ያረፈችው" ትሉ ነበር። ባላገኘው ደግሞ "ምስኪን፣ ራሷን ልታጽናና ነው" ትሉ ነበር። ስለዚህ ምንም ሳላውቅ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ልጄን እፈልገዋለሁ፤ እናቱ ነኝ። በሕይወት እንዲሰጠኝ ዛሬም ለምኜዋለሁ፤ እናንተም ለምኑልኝ። ዕረፍቴን ግን ከዚያ መልስ ኋላ አላሰለፍሁትም።

ከእናንተ መካከል ልጅ የራቀበት፣ ስልክ የሚጠብቅ፣ ለሰው ደህና ነኝ እያለ ውስጡ የሚጮህበት ሰው ካለ ለእሱ ነው የተናገርሁት። ወሬው እስኪመጣ አትጠብቁ። ጌታን አሁን እመኑት። እንደ እኔ ያለ ድምፅ የሌለው ሰውም ይሰማዋል። "እሺ" ማለት ይበቃል።

አያ ደምሌ ወደ አዳራሹ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ መኪናውም ከሞላ አይጠብቀንም። በሉ ደህና ሁኑ፣ እኔ ሄድሁ።